ሐምሌ ላይ የማይዘጋው በር፦ አንድ የገርጂ ቤት ከመግዛታችን በፊት ያየነው

እህቴ የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። 2015 ዓ.ም. ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ አንድ እሁድ ማታ ደወለችና «ቤት አገኘሁ» አለችኝ። ያገኘችው በስልክ ነው። ደላላው ቪዲዮ ልኮላታል። ነጭ ግድግዳ፣ ሰፊ ሳሎን፣ ግቢው ውስጥ ጽጌረዳ፣ ጥግ ላይ አንድ የዘይቱን ዛፍ። «የወጥ ቤቱን ካቢኔት እቀይራለሁ፤ ሌላው እንዳለ ይሁን» አለች። የተጠየቀው 18.5 ሚሊዮን ብር ነው። በሳምንት ውስጥ ቀብድ ካልተከፈለ ሌላ ገዢ እንዳለም ተነግሯታል። ሌላ ገዢ የሌለበት ቤት አዲስ አበባ ውስጥ እስካሁን አልገጠመኝም።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ግንባታም ስለ ሕግም የማውቀው ሌላው ሰው የሚያውቀውን ያህል ነው። እትዬ ግን እዚህ ሌላ የምታምነው ሰው የላትም። «አንተ ሄደህ እየውና ቁርጡን ንገረኝ» አለች። ቁርጡን ለማወቅ ዘጠኝ ሳምንት ፈጀ።

መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ከደላላው ጋር ሄድኩ። ቤቱ ገርጂ ውስጥ ነው፤ የማኅበር ቤት። ሦስት መኝታ ያለው ቪላ ሲሆን በ1992 ተሠርቶ ያለቀ ነው። ከፊት ለፊት አጥሩን ተደግፎ ሰርቪስ ቤት አለ። የምትኖርበት እናት ስልሳዎቹን ያለፉ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እማማ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ያኔም የጠራኋቸው እንደዚያ ነው።

ቤቱ ያምራል። ቪዲዮው አልዋሸም። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ሦስት መኝታ ቤቶች አሉ፤ አዲስ ቀለም የሚሸተው አንዱ ብቻ ነው። ሽያጭ ሲታሰብ ቤቱን ሁሉ መቀባት ያለ ነገር ነው። አንድ ክፍል ብቻ፣ ያውም የጓሮውን፣ ለምን?

እማማ ቡና አፈሉ። እየጠጣን ወደ ጓዳ የሚያስገባውን በር ገፋ አደረግኩት። ከታች ተልጓል፤ ከወለሉ ጋር ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። እንዲሁ ለወሬ ያህል «ይቺ በር በደንብ ትዘጋለች?» አልኳቸው።

ሳቁ። «አሁንማ ትዘጋለች። ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው እንጂ እምቢ የምትለው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በየዓመቱ ይልጋት ነበር። አሁን የሚልጋት የለ፤ ጨርቅ ወሽቀን ነው የምናድረው» አሉኝ።

ደላላው ስኒውን አስቀመጠና «እማማ ጨዋታ ይወዳሉ» አለ።

እውነት ለመናገር እኔም ብዙ አልከበደኝም። እንጨት ክረምት ላይ እርጥበት ይጠጣል፣ ይነፋል አልኩ ለራሴ። ማታ ግን ነገሩን ለአንድ የልጅነት ጓደኛዬ አነሳሁለት። ሲቪል ኢንጂነር ነው። «እንጨትማ ይነፋል። ግድግዳ ተሰንጥቆ ከሆነ ግን የእንጨት ሥራ አይደለም። አዲስ የተቀባው ክፍል ከበሩ ጋር ይዋሰናል?» አለኝ። ይዋሰናል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤው ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ቆየ። ሳሎኑን ዞር ብሎ አላየውም። ሲዞር የነበረው በውጭ በኩል ነው። ግድግዳውን እየዳሰሰ፣ ወደ ጣራው እያንጋጠጠ፣ መሬቱን በጫማው እየጫረ። በጓሮው ጥግ ሲደርስ ቆመና ጠራኝ። ጣራው ላይ ያለው አሸንዳ እዚያ ጋ ተሰብሯል። የቤቱን ዙሪያ የከበበው ሊሾ ወደ ውጭ ማዘንበል ሲገባው ወደ ግድግዳው አዘንብሏል። የሴፕቲክ ታንኩ ክዳን ከግድግዳው ሁለት ሜትር አይርቅም፤ ዙሪያው በበጋም ለምለም ሣር አብቅሏል። ከዚያው በላይ፣ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ አለ። ከውስጥ በኩል ስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ተቀብቷል። ከውጭ ግን የረሱት ይመስላል። ኢንጂነሩ ከኪሱ ሃምሳ ሳንቲም አውጥቶ ስንጥቁ ውስጥ ሰካው። ገባ።

ያኔ ነው ስለ መሬቱ ያስረዳኝ። የአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ፣ ቦሌን ይዞ እስከ አቃቂ፣ በብዙ ቦታ ጥቁር አፈር ነው። ገበሬው ኮትቻ የሚለው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። በጋ ላይ ሜዳው ተሰነጣጥቆ የሚታየው ለዚህ ነው። ቤት ሲሠራበት ወይ አፈሩ ተቆፍሮ ይወጣና ቀይ አሸዋ ወይም ሌላ የተመረጠ አፈር ይሞላል፤ ወይ መሠረቱ ጥቁሩን አልፎ ጠንካራ ነገር እስኪያገኝ ይወርዳል። ሁለቱም ካልተደረገ ቤቱ በየዓመቱ ከአፈሩ ጋር ይነሳል፣ ይወድቃል። ሁሉም ጎን እኩል ቢነሳና ቢወድቅ ችግሩ ትንሽ በሆነ። አንዱ ጥግ ከሌላው የበለጠ ውሃ ሲጠጣ ነው ግድግዳ የሚሰነጠቀው።

«መቆፈር አለብን» አለ። ደላላው እሳት ጎረሰ። ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው መሠረት ሲቆፍር አይቶ እንደማያውቅ ነገረን። እማማን ጠየቅናቸው። «ቆፍሩ፤ ጽጌረዳዬን ብቻ እንዳትነኩ» አሉ። ለአንድ የቀን ሠራተኛ ከፍለን ጥጉ ላይ አንድ ሜትር ተኩል አስቆፈርን። የድንጋይ ግንቡ ዘጠና ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ አለቀ። ከሥሩ ጥቁር አፈር ነው። በጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይገባል። ክረምት ገና አልገባም ነበር።

ከመሄዳችን በፊት ኢንጂነሩ ትንሽ ጀሶ በጠበጠ። ስንጥቁ ላይ በሦስት ቦታ እንደ ፕላስተር ለጠፈና ቀኑን በእርሳስ ጻፈበት። ጀሶ አይለጠጥም። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል፤ ስንጥቁ የቆመና የሞተ ከሆነ ጀሶው እንዳለ ይቀራል። «በሦስት ሳምንት እንመለስ» አለ። በመሀል የሚያዝያ ዝናብ ዘነበ። ስንመለስ ከሦስቱ ሁለቱ ለሁለት ተሰንጥቀዋል።

እዚህ ላይ እኔ ጨርሼ ነበር። ለእትዬ ልደውልና ተይው ልላት። ኢንጂነሩ ግን ሌላ ነገር አለ። የቀሩት ሦስት ማዕዘኖች ላይ ምንም የለም። የልጁን ብይ ይዞ መጥቶ ነበርና በየክፍሉ ወለል ላይ አስቀመጠው። ሳሎን ቆመ፣ ሁለቱ መኝታ ቤቶች ቆመ። ወደ ጥግ የተንከባለለው አዲስ በተቀባው ክፍል ብቻ ነው። «አፈሩማ ሁሉም ጋ ጥቁር ነው። ውሃው ግን እዚህ ጥግ ብቻ ነው። አሸንዳውን ብታስጠግን፣ ሊሾውን አስነስተህ ወደ ውጭ ብታዘነብል፣ ሴፕቲኩን ወደ ግቢው በር ብታዛውር፣ ይሄን ጥግ ከሥር ብታስደግፍ፣ ቤቱ ይቆማል። እንደ አዲስ አይሆንም። ይቆማል።» ግምቱን ጠየቅኩት። ሁለት ቀን ሠርቶ 900 ሺህ ብር ገደማ አለኝ። ስንጥቅ አይቶ መሸሽ እንደ እኔ ላለው ሰው ቀላል ነው። ስንጥቁን አይቶ ዋጋ ማውጣት ግን ሙያ ይጠይቃል። ለኢንጂነሩ የከፈልኩት 25 ሺህ ብር በዚህ ጉዳይ ካወጣነው ሁሉ ያልቆጨኝ ገንዘብ ነው።

የቀረውን ፍተሻ በአጭሩ ልለፈው። አንድ ቀን እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ሄድኩ። ምጣዱ ሲለኮስ የሳሎኑ መብራት ደብዘዝ ይላል፤ መስመሩ ያረጀ ነው፣ ይቀየራል። ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል፤ ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ አለ፣ ይበቃል። አንድ ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ብቻዬን ሰፈሩን ዞርኩ። ከመታጠፊያው ላይ አንድ ግሮሰሪ አለ፤ ሙዚቃው እስከ ግቢው በር ይሰማል፣ መኝታ ቤት ውስጥ ግን አይገባም። ጣራው ጥሩ ነው። ኮርኒሱ ላይ የውሃ ምልክት የለም።

ከቤቱ ይልቅ ያደከመን ወረቀቱ ነው።

ካርታውን ኮፒ ይዤ በሜትር ለካሁ። ካርታው 175 ካሬ ይላል። ግቢው 193 ካሬ ነው። ደላላው ይሄን ሲሰማ ደስ አለው። «ያው፣ 18 ካሬ በነጻ!» አለ። እኔም ለደቂቃ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገሩ ሲጣራ የግቢው ፊት 15 ሜትር ነው፤ አጥሩ ወደ መንገዱ 1.2 ሜትር ወጥቷል። 15 በ1.2 ሲባዛ 18። የመንደሩ መንገድ በፕላን 10 ሜትር ነው። በመሬት ላይ ስምንት እንኳ አይሞላም። ግራና ቀኝ ያለው ሰው ሁሉ ገፍቶ ወጥቷል። የሰርቪሱ ወጥ ቤት የፊት ግድግዳ ደግሞ ያረፈው እዚያችው ትርፍ ላይ ነው። መንገዱ በፕላኑ ልክ ይከፈት የተባለ ቀን አጥሩም ወጥ ቤቱም ይፈርሳሉ፤ ካርታ ላይ ለሌለ መሬት ካሳ የሚጠይቅ ደግሞ አይኖርም። እና 18 ካሬው ከዋጋው ላይ መደመር ሳይሆን መቀነስ ያለበት ሆነ። አጥር መመለሻና ወጥ ቤት መሥሪያ 450 ሺህ ብር ያዝንለት።

ይዞታው ነባር ነው፤ ሊዝ፣ ማለትም ከመንግሥት በኪራይ ውል የተያዘ መሬት፣ አይደለም። ብዙ ሰው ነባር ይዞታ ሲባል «የሊዝ ክፍያ የለበትም» ብሎ ተጨማሪ ይከፍልበታል። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግን ነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ ውጪ በሆነ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ወደ ሊዝ ይገባል ይላል። ለሻጭ ነባር የነበረው ለገዢ ሊዝ ይሆናል ማለት ነው። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ፣ የደላላው ኮሚሽን ሌላ 2 በመቶ። እነዚህን አስቀድሜ ሂሳብ ውስጥ ባላስገባ እህቴ መጨረሻ ላይ ከየት ታመጣለች? የእሷ ጉዳይ እንኳ ቀላል ነበር። ዜግነቷ አሜሪካዊ ቢሆንም ቢጫ ካርድ አላት፤ በ1994 የወጣው አዋጅ 270 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ላለው ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ይፈቅድለታል።

ከዕዳና እገዳ ነጻ የሚለውን ማስረጃ የሚጠይቀው ባለይዞታው ነው። ትልቋን ልጃቸውን ለመንኳት። ሁለት ሳምንት ተመላልሳ አመጣችው። ባንክ አልያዘውም፣ ፍርድ ቤት አላገደውም። እሰይ አልን። ወረቀቱ ግን ሌላ ነገር አሳየን። ካርታው አሁንም የሚነበበው በሟቹ ስም ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ ሕግ ባልና ሚስት አይወራረሱም፣ ኑዛዜ ከሌለ በቀር። ከጋራ ንብረቱ ግማሹ መጀመሪያውኑ የእማማ ነው። የቀረው ግማሽ የሟች ውርስ ነው፤ ለልጆች ይሄዳል። ልጆቹ አራት ናቸው። ስለዚህ እማማ ግማሽ፣ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ስምንተኛ። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥተዋል። ሦስቱ ልጆች አዲስ አበባ ናቸው፤ መሸጥ ይፈልጋሉ። አራተኛው ደቡብ አፍሪካ ነው። «ለእህቱ ውክልና ልኳል» ተባልን።

ውክልናውን አሳዩኝ። ኤምባሲ አረጋግጦታል፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም አለው። ደስ የሚል ወረቀት ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቤቱን እንድታስተዳድር፣ እንድታከራይ፣ ኪራይ እንድትቀበል፣ በፍርድ ቤት እንድትከራከር ይላል። እንድትሸጥ አይልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። «ሁሉንም ነገር እንድታደርግልኝ» የሚል ጠቅላላ ቃል እንኳ ለሽያጭ አይበቃም። ይሄ ደግሞ እሱንም አላለም።

በዚህ መሀል ዋጋ ላይ ደርሰን ነበር። ሰፈሩ ውስጥ በዓመት ጊዜ ውስጥ የተሸጡ ሦስት ቤቶችን አፈላልጌ ነበር። የተጠየቀውን ሳይሆን የተከፈለውን። ይሄን ከደላላ አታገኙትም። ያገኘሁት ከሱቅ ባለቤት፣ ከእድር ጸሐፊና ከአንዱ ቤት ገዢ ከራሱ ነው። ሦስቱም ከ16 እስከ 17 ሚሊዮን ነበሩ። መሀሉን 16.5 ያዝኩ። ከዚያ 900 ሺህ ለጥጉ፣ 450 ሺህ ለአጥሩና ለወጥ ቤቱ ቀነስኩ። 15 ሚሊዮን ከ150 ሺህ ሆነ። በ14.8 ገባን፤ 15.3 ላይ ተስማማን። ልጆቹ ስለ ስንጥቁ ሲነገራቸው ብዙም አልተከራከሩም። ያውቁታል። ያደጉበት ቤት ነው።

ደላላው አሁን መፍትሔ አመጣ። «ወንድሜ፣ ለአንድ ወረቀት ብላችሁ ቤት አይለፋችሁ። መንደር ውል እንዋዋል፣ አራት ሚሊዮን ቀብድ ይከፈል፣ የልጁ ውክልና ሲመጣ ውልና ማስረጃ እንሄዳለን።» እትዬ ልትስማማ ነበር። ካቢኔቱን ሁሉ መርጣለች። በስልክ አንድ ሰዓት ተጨቃጨቅን። የሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት ይላል። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ አጠፌታውን ይመልሳል የሚለውን አንቀጽ 1885 ደላላው በቃሉ ያውቀዋል፤ ግን አጠፌታ የሚጠየቀው የሚጸና ውል ሲኖር ነው። የመንደር ወረቀት ይዤ አራት ሚሊዮን ለማስመለስ ስንት ዓመት ፍርድ ቤት ልመላለስ ነው? «የምትልኪው ገንዘብ ሃያ ዓመት የሠራሽበት ነው። ልጁ ይፈርም፣ በዚያው ቀን እንከፍላለን» አልኳት። ተኮራረፍን። በሦስተኛው ቀን ደወለችና እሺ አለች።

ልጁ እንዲፈርም ስልኩን ሰጡኝ። እኔው ራሴ ደወልኩለት። ጨዋ ሰው ነው። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ «ወንድሜ፣ ውክልናው በስህተት አይደለም እኮ እንደዚያ የተጻፈው» አለኝ።

ዝም አልኩ።

«እናቴ ቤቷን መልቀቅ አትፈልግም። እህቶቼና ወንድሜ ተጫኗት። እሷ ደግሞ ልጆቿን እምቢ ማለት አትችልም። እኔ ካልፈረምኩ አይሸጥም፤ ስለዚህ አልፈርምም። ከእናንተ በፊት ሁለት ገዢ መጥቶ ነበር። ለሁሉም በሯን እያሳየች ትመልሳቸዋለች።»

በሯን! ቡናው፣ ሳቁ፣ «ቆፍሩ፣ ጽጌረዳዬን ብቻ» ማለታቸው፣ ሁሉም ያኔ ገባኝ። እኔ እማማን የዋህ ናቸው ብዬ ነበር። አፈሩን ቆፍረናል፣ ስንጥቁን በጀሶ ለክተናል፣ ካርታውን በሜትር አረጋግጠናል፣ የሰፈሩን ዋጋ ለቅመናል። የቤቱን ግማሽ የያዙትን ሰው ግን «እርስዎ መሸጥ ይፈልጋሉ?» ብለን አልጠየቅናቸውም። ብንጠይቃቸው ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣለች።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ቀረ። ያወጣነው የኢንጂነር፣ የቀን ሠራተኛና የትራንስፖርት ተደምሮ 40 ሺህ ብር አይሞላም። ደላላው እስካሁን ቂሙን አልተወም። እትዬ ለሁለት ሳምንት ያህል አዘነች፤ ከዚያ ሌላ ቤት ማየት ጀመረች። አሁን ቪዲዮ ሲላክላት መጀመሪያ የምትጠይቀው ካርታው በማን ስም እንደሆነ ነው።

2016 ጥር ላይ ለጥምቀት መጣች። «ያንን ቤት ሳላየው አልሄድም» አለች። ከረሜላና አንድ ነጠላ ይዘን ሄድን። እማማ አቅፈው ሳሟት፤ ቡናው ተቀራረበ። ልጃቸው ገንዘብ ልኮ አሸንዳው ተጠግኗል፤ ጓሮው ላይ የነበረው ሊሾ ተነስቶ አዲስ ፈሷል፣ ወደ ውጭ አዘንብሎ። ሴፕቲኩ ግን እዚያው ነው። እትዬ በሩ ጋ ሄደችና በአንድ ጣቷ ገፋችው። ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

«ይኸው ይዘጋል!» አለች ወደ እኔ ዞራ።

እማማ ጀበናውን ከፍ አድርገው እየቀዱ ነበር። «ጥር ነው እኮ ልጄ» አሉ። «ሐምሌ ላይ ነይ።»